ላይ ሲደርስ ይመለሳል

ቆይ፣ አታውልቂው። ያንን ላስቲክ ክንዴ ላይ ስትጠቀልዪው ሽታው አፍንጫዬን መታኝና ነው እንጂ ደሜስ ምንም አልሆነ። "እትዬ፣ ዛሬ ምነው ግፊትዎ ከፍ አለ?" አልሽኝ አይደል? ጠየቅሽ እንግዲህ፤ ቁጭ በይና ስሚ። ጤና ጣቢያው አንቺ ስለዘገየሽ አይፈርስም።

ዱቄት ዱቄት የሚል የላስቲክ ሽታ ነው። መጀመሪያ ያሸተትኩት በጃንሆይ ጊዜ፣ ቢቸና፣ ክረምቱ ሲገባ ነው። ስምንተኛ ክፍል የጨረስኩ ኮረዳ ነበርኩ። ያን ሰሞን ከአዲስ አበባ ሁለት ወጣቶች በላንድሮቨር መጡና ከቤታችን በላይ ያለው ሜዳ ላይ ድንኳን ተከሉ። የክረምቱን ንፋስ ሊያጠኑ ሰማይ ላይ ፊኛ ይሰዳሉ ተባለ። የቢቸና ሰው ያኔ ፊኛ ሲባል የሚያውቀው የበሬውን ነው፤ ልጆች በፋሲካ ከታረደው በሬ ላይ ወስደው፣ ነፍተው የሚራገጡትን። የሽንት ፊኛ ወደ ሰማይ! ከተማው በሳቅ ሞተ። ገበያ ሲወጡ እንኳ "የኛንስ በሬ ፊኛ አትገዙንም?" እያሉ ያላግጡባቸው ነበር።

ዝም ያሉት በዓይናቸው ሲያዩት ነው። ከሣጥን ውስጥ ታጥፎ ይወጣል፤ ዱቄት ተነስንሶበታል፤ ሲነኩት ይለሰልሳል። ከብረት በርሜሉ ጋዙ እያፏጨ ሲገባበት ያብጣል፣ ያብጣል፣ ሁለት እጅ ለማቀፍ እስኪያቅተው ድረስ ይሞላል። ደመና ሲኖር ቀዩን ይለቃሉ፣ ሰማዩ ሲጠራ ነጩን። ነጩ ከፍ ሲል ፀሐይ ያርፍበትና ያበራል። አሁንም ዓይኔ ላይ አለ።

አንደኛው ወጣት ይጽፋል፣ ሌላኛው ያያል። የሚያየውን ከተማው "ባለፊኛው" አለው፤ እኔም እንዲሁ ልበለው። ስሙን ብነግርሽ እስከ ማታ ሞጣን ሙሉ ታዳርሺዋለሽ፤ አውቅሻለሁ።

የሚጽፈው ልጅ ብዙም ሳይቆይ ወባ ጣለውና ወደ ደብረ ማርቆስ ወሰዱት። ባለፊኛው ብቻውን ቀረ። ትምህርት ቤት መጣና ቁጥር አጥርቶ የሚጽፍ ሰው ስጡኝ አለ። አስተማሪያችን የኔን ስም ጠራ። አሁን ግን አባቴ ማን እንደሆኑ ካልነገርኩሽ ቀሪው አይገባሽም።

አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። ከተማው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፤ አባባ የምላቸው እኔ ብቻ ነኝ። እናቴ እኔን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ አርፋለች፤ እሳቸውም ሌላ ሳያገቡ ቀሩ። በኛ ቤት ነገር በቀጥታ አይነገርም። ወጡ ጨው ሲያንሰው እንኳ "ሎጥ ዛሬ ሚስቱን ወዴት ላካት?" ይሉኛል። ትስቂያለሽ፤ እኔ ግን እንዲህ ነው ያደግሁት። የልብ ጉዳይማ በግልጽ መጠየቅ እሳቸው ዘንድ ሰውን እንደማዋረድ ነው። በሰም ይጠይቃሉ፤ የተጠየቀው ሰው ወርቁን አይቶ እሱም በሰም ይመልሳል። እሺ ካለ እሰየው፤ እምቢ ካለም ማንም ሳያፍር ነገሩ እዚያው ይቀራል። በዚህ መንገድ ስንት ሰው አጋብተዋል፣ ስንቱን አስታርቀዋል።

ለሥራው ሲፈቅዱልኝ አንድ ነገር አሉ። "ሜዳው ላይ አንድ ድንጋይ አለ፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ እሞቅበታለሁ።" በክረምት ምን ፀሐይ አለ? ገባኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ ስጽፍ እሳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው እዚያ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ።

ሥራው እንዲህ ነበር። ፊኛውን ይለቀውና ሮጦ ሦስት እግር ያለው መነጽር ላይ ዓይኑን ይተክላል። በየደቂቃው ትንሽ ደወል ትጮሃለች። ስትጮህ ሁለት ቁጥር ይጠራል፤ አንዱ ፊኛው ምን ያህል ከፍ እንዳለ፣ ሌላው ወደየት እንደዞረ። እኔ እጽፋለሁ። ዓይኑን ለቅጽበት ከመነጽሩ ካነሳ ፊኛው ይጠፋበታል፤ ከጠፋ ደግሞ ያን ሰፊ ሰማይ ዞሮ አያገኘውም። ስለዚህ ያን ሁሉ ጠዋት አጠገቡ ቆሜ አንድ ቀን አያየኝም። የሚያወራኝ በደወልና በደወል መካከል ነው፤ ፊቱን ወደ ሰማይ ሰጥቶ። ትከሻውን፣ ማጅራቱን፣ ከዝናብ የተረፈውን ጠብታ ጆሮው ሥር አውቀዋለሁ። ከሁሉ በላይ ድምፁን። በጨለማ መቶ ሰው ቢያወራ ለይቼ አወጣው ነበር።

በእነዚያ ደቂቃዎች ብዙ ነገር ነገረኝ። አራት ኪሎ እንዳደገ፣ እናቱ ብቻዋን እንዳሳደገችው፣ ወደ ባላገር ሲመጣ ይህ የመጀመሪያው እንደሆነ። ስለ ንፋሱም ነገረኝ። ዝናባችንን የሚያመጣው የታችኛው ንፋስ ከደቡብ ምዕራብ ይመጣል፤ ፊኛውን ወደ ዓባይ በረሃ፣ ወደ ሳይንት ማዶ ይገፋዋል። ከደመናው በላይ ግን ሌላ ንፋስ አለ፣ ከምሥራቅ፣ ከሕንድ አገር በኩል የሚነፍስ። እዚያ ሲደርስ ፊኛው ይዞራል፤ እኛኑ አልፎ ወደ ጮቄ ይሄዳል። የሕንድ ክረምትና የኛ ክረምት ወንድማማች ናቸው አለኝ። ክረምቱ ሲያልፍ ሁሉም ይለወጣል።

"ታዲያ ተመልሶ እኛ ጋ ይወርዳል?" አልኩት።

"አይወርድም። በራሳችን ላይ ያልፋል" አለ፤ ደወሉ ጮኸ፤ ሁለት ቁጥር ጠራ።

ወደድኩት። ምን ልደብቅሽ? ማታ ስተኛ እንኳ የሚሰማኝ ቁጥር ሲጠራ ነው። እሱ ምን እንደሚያስብ ግን አላውቅም፤ ዓይኑን አይቼው አላውቅማ። አንድ ጠዋት ግን፣ ሐምሌ ውስጥ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነጋ። ነጩን ለቀቀ። ሣሩ እርጥብ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ የኪዳን ዜማ ይሰማል። ምን እንዳሳቀኝ አሁን ጠፋብኝ፤ ብቻ ሳቅሁ። ያኔ ዓይኑን ከመነጽሩ አነሳና ዞሮ አየኝ። ዝም ብሎ አየኝ። ደወሉ ጮኸ፤ ቁጥር የለም።

"ጋሼ፣ ስንት ልበል?" አልኩት፤ ጆሮዬ ድረስ ግሎብኛል።

ወደ መነጽሩ ተመለሰ። ፊኛው የለም። ሲያዞር፣ ሲያዞር ቆየና "ደመና ገባ ብለሽ ጻፊ" አለኝ። ሰማዩ ላይ መዳፍ የምታክል ደመና አልነበረችም። ደመና ገባ ብዬ ጻፍሁ። ድንጋዩ ላይ አባባ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ፤ ቀጥለው እኛን አዩ፤ ከዚያ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። ሲስቁ እንዲያ ነው የሚያደርጉት።

ከዚያ በኋላ ባለፊኛውን ቤታችን እየጠሩ ምሳ ያበሉት ጀመር። ቅኔ አይገባውም፤ ተማሪዎቹ ሲዘርፉ አፉን ከፍቶ ያያል። አባባ ደስ አላቸው። ልቡ ንጹሕ ነው አሉኝ አንድ ቀን፤ እንዲህ ግልጽ አድርገው ሰው ሲያመሰግኑ ሰምቼ አላውቅም።

ነሐሴ ሲገባ ትእዛዝ መጣበት። ቀሪውን ክረምት ሞጣ ሄደህ ልቀቅ ተባለ። አዎ፣ እዚህ፣ ሞጣ፤ አሁን ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ ላይ። ለመኪና ሩቅ አልነበረም፤ ለኔ ግን ሰማይ የተደፋብኝ መሰለኝ። የሚሄድ ዕለት ጠዋት የመጨረሻውን ፊኛ ለቀቅን። ደመና ስለነበር ቀዩን። ዕቃው ተጭኗል፤ ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። እሱ ዓይኑን መነጽሩ ላይ እንደተከለ ቁጥር ይጠራል፤ እኔ እጽፋለሁ። አንድ ነገር ሊናገር ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። ሁለቱንም ጊዜ ደወሉ ቀደመው።

አባባ ከድንጋዩ ተነሡ። በመቋሚያቸው እየተደገፉ መጡና ከኋላው ቆሙ።

"ልጄ፣ ይህን የምትለቀውን፣ ክር ሳታስርበት ነው የምትሰደው?"

"አይታሰርም፣ የኔታ። ከታሰረ ሥራውን አይሠራም።"

"እንዲህ ርቆ ሄዶስ፣ ይቀራል ወይስ ይመለሳል?"

"ላይ ሲደርስ ይመለሳል፣ የኔታ።"

"ያለ ጥርጥር?"

"ክረምት እስከሆነ ድረስ ያለ ጥርጥር።"

"እንግዲያ እንጠብቃለን" አሉ አባባ።

እኔ እርሳሴን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ገባሽ? ጠየቁልኝ እኮ! ክር ሳታስር፣ ሽማግሌ ሳትልክ ነው የምትሄደው አሉት፤ አሁን ብታሰር ሥራዬን አልሠራም አላቸው። ትመለሳለህ ወይ አሉት፤ ቦታዬ ስደርስ፣ ከፍ ስል እመለሳለሁ አላቸው። እንዲህ ያለ ያማረ መልስ ከአባባ ተማሪዎች አንዱም አይመልስ። ፊኛው ከራሳችን በላይ ያልፋል እንጂ እንደማይወርድ እኔ አውቅ ነበር፤ ራሱ ነግሮኛል። ግን የዚያን ዕለት ወርቁ ዓይኔን ስላወረው ሰሙን ረሳሁት። ቀዩ ፊኛ ደመና ውስጥ ገባ። መነጽሩን ነቀለ፤ የአባባን ጉልበት ስሞ መኪናው ላይ ወጣ። ፊቱ ጠቁሮ ነበር። መለየት ነው ብዬ ተረጎምሁት።

ነሐሴን በሙሉ በደስታ ከረምሁ። ሞጣ የሚለቀቅ ፊኛ ቢቸና አይታይም፤ እኔ ግን ጠዋት ጠዋት ደጅ ወጥቼ ወደ ሞጣ አንጋጥጣለሁ። መስቀል አለፈ። ጥቅምት ላይ የግምጃ ቤቱ ሹም ለልጁ ሽማግሌ ላከ። ልጁ ጨዋ ነበር፣ ቤታቸውም የተከበረ፤ እምቢ የሚባል አልነበረም። አባባ ሽማግሌዎቹን አስቀምጠው፣ ጠላ አስቀድተው፣ "ልጄ ቃል አለባት" አሉ። ጓዳ ሆኜ ስሰማ ዕልል ልል ነበር። ቃል አለባት የተባለች ልጅ ደጅ ደግሞ ሽማግሌ አይመጣም። ከዚያ በኋላም አልመጣም።

ኅዳር ላይ ነው፣ ከሞጣ ጨርቅ ይዘው ቢቸና ገበያ የሚመጡ አንድ ነጋዴ ነበሩ፣ አባባ ስለ ባለፊኛው ጠየቋቸው። "ባለፊኛው? ለመስቀል ጠቅልሎ አዲስ አበባ ገባ እኮ" አሉ ሰውየው። "በዚሁ በቢቸና በኩል ነው ያለፉት። አብሬያቸው ተሳፍሬ ነበር።" በደጃችን አልፏል ማለት ነው። አባባ ነጋዴውን እስከ ደጅ ሸኝተው ተመለሱ። "ገና ላይ አልደረሰም ይሆናል" አሉኝ።

ይህንን ቃል ለዓመታት ሲሉት ኖሩ። እኔም አመንኳቸው፤ ኋላ ደግሞ ማመኑን ትቼ ለእሳቸው ስል እሺ እላቸው ነበር። አስተማሪ ሆንሁ። የት ልመድብሽ ሲሉኝ ሞጣ አልኩ። ሰው የአገሯን ልጆች ትታ አለ፤ አንቺ ምክንያቱን አሁን አወቅሽ። ያገባኝ የለም። አንድ ዕረፍት ላይ ቢቸና ሄጄ ተቆጣሁ፤ በሕይወቴ አባቴን የተቆጣሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። "በግልጽ ቢጠይቁት ምን ነበረበት?" አልኳቸው። የገረማቸው መሰለኝ። "ጠየቅሁት እኮ። አንቺም ሰምተሻል" አሉ። ምን ትያለሽ? ሰምቻለሁ።

ውኃውን አቀብዪኝ እስቲ። አይ፣ ደህና ነኝ።

ሁለት መንግሥት ተለወጠ። የአባባ ዓይን ጠፋ። ለዓይናቸው ጠብታ ፍለጋ አዲስ አበባ ሄጄ ስመለስ፣ መስከረም ላይ ነው፣ አውቶቡሱ ደጀን ለምሳ ቆመ። ምግብ ቤቱ ጢም ብሏል፤ ናፍጣና ጥብስ ይሸታል። ቦታ አግኝቼ ልቀመጥ ስል ከኋላዬ አንድ ሰው "ሁለት ሻይ" አለ።

ሁለት። እሱን ቃል ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ መሰለሽ? ሳልዞር አወቅሁት።

ፀጉሩ ነጥቷል። ደብረ ማርቆስ ለሥራ ደርሶ እየተመለሰ ነበር። ሲያየኝ ቆመ። ተጨባበጥን፤ እጄን ለመልቀቅ ቸገረው። ሚስት አለችው፣ ልጆችም ደርሰውለታል። ስለኔ ሲጠይቅ አስተማሪ ነኝ አልኩ፤ ሌላውን አልጠየቀም፤ ጣቴን አይቷል። የኔታስ አለኝ። ደህና ናቸው አልኩት። ሻዩን ሲያማስል፣ ሲያማስል ቆየ።

"ያን ጠዋት ደመና ብለሽ የጻፍሽልኝን አስታወስሽ?" አለኝ።

"አስታውሳለሁ፣ ጋሼ።"

"የሄድኩ ዕለት ላንቺ ልጠይቃቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከኋላዬ ሲመጡ፣ አሁን ስለሷ ያነሱልኛል ብዬ ልቤ ሊወጣ ደረሰ። እሳቸው ስለ ፊኛው ብቻ ጠየቁኝ። የአገሩ ሰው አይደለሁ፣ አልፈለጉኝም ብዬ ሄድኩ። መስቀል ላይ በቢቸና ስናልፍ መኪናው ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ ነው ያለፍኩት።"

ልጄ፣ ምን ብዬ ልንገረው? ተጠይቀህ ነበር ልበለው? እሺ ብለህ ነበር ልበለው? አፌን ከፈትኩ፤ ሽበቱን አየሁት፤ መልሼ ዘጋሁ። ይህን ተሸክሞ ለምን ይሂድ? እኔ ተሸክሜው ኖሬያለሁ፤ አውቀዋለሁ ክብደቱን። "ጊዜው ነዋ" አልኩት። የአውቶቡሱ ጥሩምባ ጮኸ። ያ ደወል ትዝ አለኝ። ሁለቱንም ጊዜ የቀደመው።

ወደ ሞጣ ማለፉን ትቼ ቢቸና ወረድሁ። አባባ አልጋቸው ላይ በመስኮቱ በኩል ተጋድመዋል። ጠብታውን ሳደርግላቸው ስቼ ጉንጫቸው ላይ አፈሰስሁት። ከመንገድ ምን አየሽ አሉኝ። ዕድሜዬን በሙሉ ከእሳቸው ጋር በሰም ስነጋገር፣ ሰሙን የሚያመጡት እሳቸው ነበሩ። ያን ዕለት ግን እኔ ጀመርሁ።

"ፊኛው ተመልሷል፣ አባባ።"

ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ።

"ወረደ?"

"አልወረደም። በራሳችን ላይ አለፈ።"

ደጅ ላይ የአንድ ተማሪ ድምፅ ይሰማል፤ አንዲት ስንኝ ደጋግሞ ይሞክራል።

"ቀለሙ ምን ነበር?" አሉኝ።

"ነጭ። ነጭ ሆኗል።"

ጭንቅላታቸውን ቀስ ብለው ነቀነቁ። ነጩን የምንለቀው መቼ እንደሆነ ከዚያ ድንጋይ ላይ ሆነው ስንት ጠዋት አይተዋል። "እንግዲያ ሰማዩ ጠርቷል" አሉ። "ክረምቱ አልፏላ።" እጃቸውን ዘርግተው ፊቴን ፈለጉ። ጉንጬን በጣታቸው ዳሰሱ፤ ርሶ አገኙት፤ ጣታቸውን ከዚያ ሳያነሱ ቆዩ።

"ልጄ፣ ይቅር በይኝ" አሉኝ።

ሰም የለውም፣ ወርቅ የለውም። አባቴ በሕይወታቸው በግልጽ የነገሩኝ ቃል ያ ብቻ ነው። የሚቀጥለውን ክረምት አላዩትም።

በይ አሁን ንፊውና እንደገና ለኪኝ። ከፍ ቢልም ግድ የለም።